ጭሱን ማን ተነፈሰው? የሰደድ እሳት ጭስና የድኅረ ምረቃ ተመራማሪዎቹ

ሰደድ እሳት ሲነሣ የሚቆጠረው ብዙ ነው። ስንት ሄክታር ደን ነደደ፣ ስንት ቤት ወደመ፣ ስንት ሰው ሞተ፤ ይህ ሁሉ በዚያው ምሽት በዜና ይነገራል። ከእሳቱ መቶና ሺህ ኪሎ ሜትር ርቆ የሚኖር ሰው በዚያ ሳምንት ምን ያህል ጭስ እንደተነፈሰ ግን ማንም ወዲያው ሊነግረው አይችልም። ጁን 7 ቀን 2023 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የካናዳ የኩቤክ ደን ሲቃጠል የኒውዮርክ ሰማይ ብርቱካንማ ሆነ። "አደገኛ" የሚባለው ደረጃ ከ300 በላይ የሚጀምረው የአየር ጥራት መለኪያ ከ400 አለፈ። ከኒውዮርክ ከተማ ውጭ ባለው የግዛቱ ክፍል በዚያ ቀን በአስም ምክንያት ወደ ድንገተኛ ክፍል የሄደው ሰው ከቀደሙት ቀናት በ82 በመቶ በልጦ ነበር። ሐኪም ቤት ሳይሄድ ሲያስል ያደረው፣ ደረቱን ይዞ ሥራ የዋለው በየትኛውም መዝገብ ላይ የለም።

ይህ ዳሰሳ የሚከተለው አንድ ጥያቄ ነው፤ ጭሱን ማን፣ ምን ያህል፣ ምን ዓይነቱን ተነፈሰው? ባለፉት ሃያ ዓመታት ስለዚህ ጉዳይ የታተመውን ሳገላብጥ ደጋግሞ የገጠመኝ ነገር አለ። መንገድ ከከፈቱት ሥራዎች ብዙዎቹ የዶክትሬት መመረቂያዎች፣ አለዚያም ገና ከተመረቁ ወጣት ተመራማሪዎች እጅ የወጡ ናቸው። ምክንያቱ እሳት ቀጠሮ ስለማይሰጥ ይመስለኛል። ትልልቅ ተቋማት ዕቅድና በጀት እስኪያጸድቁ ጭሱ በንኖ ይጠፋል። መሣሪያውን መኪና ላይ ጭኖ በዚያው ሌሊት የሚነዳው፣ የወራት የሳተላይት ምስል አንድ በአንድ ለመልቀም ትዕግሥት ያለው ተማሪው ነው።

የሚለካው በዋናነት ደቃቅ ብናኝ ነው፤ በሙያው አጠራር ፒኤም 2.5። መጠኑ ከ2.5 ማይክሮሜትር የማይበልጥ፣ የሰው ፀጉር ውፍረት አንድ ሠላሳኛ ገደማ የሆነ ቅንጣት ነው። አፍንጫና ጉሮሮ አያስቀሩትም፤ እስከ ሳንባ ከረጢቶች ይዘልቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ባወጣው መመሪያ የዓመቱ አማካይ በኪዩቢክ ሜትር ከ5 ማይክሮግራም፣ የአንድ ቀኑ ደግሞ ከ15 እንዳይበልጥ ይመክራል። አሜሪካ በ2024 የዓመት ጣሪያዋን ከ12 ወደ 9 አውርዳለች። ከባድ ጭስ በወረደበት ቀን ንባቡ መቶዎች ውስጥ ይገባል።

ችግሩ የሚጀምረው መለኪያው አንድ ቦታ ተተክሎ ሰው ግን በየቦታው ስለሚኖር ነው። ሣራ ሄንደርሰን በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ሳሉ የያዙት ይህንኑ ነበር። በ2003 በምዕራብ ካናዳ በኬሎና ከተማ ዙሪያ በተነሣው እሳት ከ200 በላይ ቤቶች ወድመው በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ነዋሪዎች ቀያቸውን ለቀዋል። ጥናቱ ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር ያሉትን 92 ቀናትና የ281,711 ሰዎችን የሕክምና መዝገብ ያዘ። ለዚህ ሁሉ ሕዝብ የነበሩት ይፋዊ የብናኝ መለኪያዎች ስድስት ብቻ ነበሩ። ስለዚህ እያንዳንዱ ሰው የደረሰበት ጭስ በሦስት መንገድ ተገመተ። ስድስቱ መለኪያዎች ያነበቡት አንዱ ነው፤ ነፋሱንና የእሳቱን መጠን ይዞ ጭሱ ወዴት እንደሚሄድ የሚያሰላ ሞዴል ሌላው ነው፤ በሳተላይት ምስል ላይ በዓይን የሚታየው የጭስ ደመና ሦስተኛው ነው። በ2011 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው በመለኪያዎቹ የፒኤም 10 (እስከ 10 ማይክሮሜትር የሚደርሰውን ብናኝ የሚይዝ) ንባብ 30 ማይክሮግራም ጭማሪ ሲኖር በአስም ምክንያት ሐኪም ዘንድ የመሄድ ዕድል በ16 በመቶ ከፍ ይል ነበር። በልብና በደም ሥር ሕመም ላይ ግን ይህን ያህል ግልጽ ነገር አልተገኘም። ሄንደርሰን ይህን ሳይሸፋፍኑ ማስቀመጣቸውን ከሁሉ በላይ አደንቃለሁ፤ በዚህ ዘርፍ ያልተገኘውን አልተገኘም ብሎ መጻፍ የሚከተለውን ተማሪ ዓመታት ያተርፈዋል።

ሦስቱም መንገዶች የየራሳቸው ጉድለት አላቸው። ሳተላይት ከላይ ወደ ታች ስለሚያይ ጭሱ ሦስት ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ይሁን መንገዱ ላይ መለየት ይቸግረዋል፤ ደመና ከጋረደውማ ጨርሶ አያይም። ሞዴሉ የነፋሱን አቅጣጫ ትንሽ ከሳተ ጭሱን ወደ ጎረቤት ሸለቆ ይወስደዋል። የመሬቱ መለኪያ ደግሞ በትክክል ቢያነብም የሚያነበው የቆመበትን ሰፈር አየር ነው። ቀጣዩ የተማሪ ትውልድ ያደረገው እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ ማቀናጀት ነው። ኮሊን ሪድ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ለዶክትሬታቸው የ2008ቱን የሰሜን ካሊፎርኒያ እሳት ያዙ፤ በጁን ወር በወረደ መብረቅ የተቀጣጠለ፣ ለሳምንታት የጨሰ እሳት ነበር። የሳተላይት ንባብን፣ የአየር ጠባይን፣ የመሬት አቀማመጥንና የመንገድ ርቀትን የመሳሰሉ 29 መረጃዎችን ለ11 የስሌት ዘዴዎች አቅርበው የትኛው የመሬቱን ንባብ በተሻለ እንደሚገምት አወዳደሩ። ኮምፒውተር ከመረጃ እንዲማር የሚያደርገው ይህ መንገድ ዛሬ ማሽን ለርኒንግ ሲባል ሁሉም ሰው ያውቀዋል፤ በዚያን ጊዜ ግን የጤና ጥናት ሰዎች በጥርጣሬ ያዩት ነበር።

ከዚህም የሚከብድ ጥያቄ ነበረ። መለኪያው 40 ማይክሮግራም ቢያነብ ከዚያ ውስጥ የጭሱ ድርሻ ስንት ነው? የመኪና ጭስና የሜዳ አቧራም በዚያው ቁጥር ውስጥ አሉ፤ መሣሪያው ዘራቸውን አይለይም። ማሪሳ ቻይልድስ ከስታንፎርድ ባልደረቦቻቸው ጋር በ2022 ያሳተሙት ሥራ ለዚህ ቀና መልስ ሰጠ። በመጀመሪያ ጭስ ባልታየባቸው ቀናት በዚያ ቦታና በዚያ ወር የተለመደው ንባብ ስንት እንደሆነ ይያዛል፤ ሳተላይት ጭስ መኖሩን ባሳየበት ቀን ከዚያ ልማድ በላይ የወጣው የጭሱ ድርሻ ተደርጎ ይቆጠራል። ይህን መሠረት አድርገው ከ2006 እስከ 2020 ለአሜሪካ ዋና ምድር ለእያንዳንዱ ቀን፣ ምድሩን በ10 በ10 ኪሎ ሜትር ከፋፍለው፣ የጭሱን መጠን ገመቱ። በዓመት ቢያንስ አንድ ቀን የጭሱ ብናኝ ብቻውን ከ100 ማይክሮግራም በላይ የሆነበት ሕዝብ በአሥር ዓመት ውስጥ 27 እጥፍ አድጎ በ2020 ወደ 25 ሚሊዮን ደርሷል።

ያ ካርታ ለሌሎች ሲከፈት የመጣው ጥናት ብዙ ነው። ማርሻል በርክና ባልደረቦቻቸው በ2023 ኔቸር ላይ እንዳሳዩት አሜሪካ ፋብሪካና መኪና ተቆጣጥራ ለዓመታት ካጸዳችው አየር ሩብ ያህሉን የሰደድ እሳት ጭስ መልሶ ወስዶባታል። ተመራማሪዎች ካርታቸውን ለማንም በነፃ መስጠታቸው ከግኝቱ እኩል ሊመሰገን ይገባል፤ የሚቀጥለው ተማሪ ከዜሮ አይጀምርም።

ሌላው መንገድ ከሳይንቲስቶች እጅ ውጭ የመጣ ነው። ፐርፕልኤር የተባለው፣ ዩታ ውስጥ የተጀመረው አነስተኛ መለኪያ ዋጋው ጥቂት መቶ ዶላር ነው። ሰው ገዝቶ ግድግዳው ላይ ይሰቅለዋል፤ ንባቡ በቀጥታ ካርታ ላይ ይወጣል። በውስጡ ያለው ሌዘር የሚያየው ቅንጣቶቹ የበተኑትን ብርሃን ነው፤ ብርሃኑን ወደ ክብደት የሚለውጠው ስሌት ለጭስ ሲሆን አብዝቶ ያነባል፤ እርጥበት ሲኖር ይብሳል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ተመራማሪዎች መለኪያውን ከይፋዊ ጣቢያዎች ጎን አስቀምጠው ንባቡን በግማሽ ገደማ የሚያወርድና እርጥበቱን የሚያርም ቀመር አወጡ፤ ከ2020 ጀምሮ በመንግሥቱ የእሳትና የጭስ ካርታ ላይ የሚታየው በዚህ የታረመው ነው። መሣሪያውን የሚገዛው ግን ገንዘብና ጊዜ ያለው ሰው ስለሆነ ካርታው በሀብታም ሰፈር ይደምቃል፤ የእርሻ ሠራተኞች በሚውሉበት ሸለቆ ይሳሳል። ይህን ያላገናዘበ ጥናት ጭሱን ሳይሆን የገቢ ልዩነቱን ሊለካ ይችላል።

መለኪያው ቤት ውስጥ ሲሆን ሌላ ነገር ይከፈታል፤ ሰው ጊዜውን የሚያሳልፈው በአብዛኛው ቤት ውስጥ ነውና። በርክሌይ የዶክትሬት ተማሪ የነበሩት ዩቶንግ ሊያንግ ከባልደረቦቻቸው ጋር በ2021 ያወጡት ጥናት በካሊፎርኒያ ሰዎች በየቤታቸው የሰቀሏቸውን ከ1,400 በላይ መለኪያዎች ተጠቀመ። በጭስ ቀናት የቤት ውስጥ ብናኝ ሦስት እጥፍ ገደማ ያድጋል፤ ቢሆንም ሰው መስኮት ዘግቶ፣ ማጣሪያ አብርቶ ስለሚቀመጥ ከውጭ የሚገባው ድርሻ ከተለመደው ቀን በግማሽ ያንሳል። ማለትም ሰዉ ራሱን እየተከላከለ ነው፤ የሚከላከልበት ቤት ካለው። እዚህ ላይ አስቸጋሪው የቤቱን ጭስ ከውጭው መለየት ነው። በኦክላንድ ወይም በሲያትል ባለ የሐበሻ ቤት ሳሎን የተሰቀለ መለኪያ ቡና ሲቆላ ሽቅብ ይወጣል፤ ዕጣን ሲጨስ ደግሞ ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን እንኳ "አደገኛ" ሊል ይችላል። ተመራማሪዎች ይህን የሚለዩት በቅርጹ ነው። የቤቱ ጭስ ድንገት ወጥቶ በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ ይወርዳል፤ የሰደዱ ከውጭው ንባብ ጋር ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ቀስ ብሎ ይወርዳል። እንዲህ ያለውን ቤት ልማድ የሚያውቅ ተማሪ በጥናቱ ቡድን ውስጥ ከሌለ የእሑድ ከሰዓት በኋላው ቡና የመሣሪያ ብልሽት ተብሎ ከመረጃው ሊሰረዝ ይችላል።

እስካሁን የተነሣው ስለ መጠን ነው። የኬሚስትሪ ተማሪዎች የሚጠይቁት ስለ ዓይነቱ ነው። በ2016 በሞንታና ሚዙላ በሚገኘው የእሳት ሳይንስ ላቦራቶሪ ሰፊ አዳራሽ ውስጥ የጥድ ቅርንጫፍ፣ ቅጠልና ቁጥቋጦ እየተለኮሰ ጭሱ በቧንቧ ወደ መሣሪያዎች ተሳበ። በ2018 ዊ-ካን በተባለው ዘመቻ ሲ-130 አውሮፕላን ከቦይዚ፣ አይዳሆ እየተነሣ ወደ እውነተኛው ጭስ ገባ። በቀጣዩ ዓመት ናሳና ኖኣ የተባለው የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር ተቋም በዲሲ-8 አውሮፕላን ተመሳሳዩን በሰፊው አደረጉ። በእነዚህ በረራዎች ወንበሮቹ ተነቅለው በቦታቸው እስከ ጣሪያ የተደረደሩ መሣሪያዎች ይገባሉ። ከአውሮፕላኑ ጎን ብቅ ያሉ ቱቦዎች የውጭውን አየር ይስባሉ፤ ተማሪው ከመሣሪያው ፊት ታጥቆ ተቀምጦ መስመሩ ሲዘል ያያል። አውሮፕላኑ ጭሱን ከእሳቱ አጠገብ አንድ ጊዜ በአግድም ይሻገራል፤ ከዚያ በነፋሱ አቅጣጫ ራቅ ብሎ ደግሞ፤ ከዚያም ራቅ ብሎ ደግሞ። በዚህ መንገድ ያው ጭስ የግማሽ ሰዓት፣ የአንድ ሰዓት፣ የሦስት ሰዓት ዕድሜ ሲኖረው ምን እንደሚመስል ይታያል። ፀሐይ ስትመታው ከጭሱ ጋዝ ከፊሉ ወደ ብናኝ ይለወጣል፤ ከብናኙ ከፊሉ ተመልሶ ይተናል፤ ከከተማ የመኪና ጭስ ጋር ሲገናኝ ኦዞን ይበረታል። ኒውዮርክ የደረሰው የኩቤክ ጭስ ኩቤክ ላይ የነበረው አልነበረም።

ከተማ ሲቃጠል ደግሞ ሌላ ጭስ ነው። በኖቬምበር 2018 በካሊፎርኒያ የፓራዳይዝን ከተማ ያወደመውና 85 ሰው የገደለው ካምፕ ፋየር የተባለው እሳት ሲነድ ቺኮ ከተማ ላይ ያለ መለኪያ ለ17 ሰዓት ያህል ከልማዱ 50 እጥፍ ገደማ የሆነ እርሳስ መዝግቧል። የነደደው የድሮ ቤት ቀለም፣ የውኃ ቧንቧ፣ መኪና ነው። በጃንዋሪ 2025 በሎስ አንጀለስ አልታዲናና ፓሊሴድስ ሲነዱም በአካባቢው ያለ መለኪያ እርሳስ ከቀናት በፊት ከነበረው ወደ 100 እጥፍ ሲደርስ በዚያው ሰዓት አይቶታል። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለው መረጃ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው ማጣሪያው ተነቅሎ ላቦራቶሪ ከሄደ ከሳምንታት በኋላ ነበር። የሎስ አንጀለስ የሐበሻ ሰፈር በሆነው በፌርፋክስ መንገድ ያሉ ሐበሾች ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ዘመድ ቤት ልሂድ አልሂድ ሲሉ በነበረበት ሰዓት ይህ ቁጥር በእጃቸው ቢሆን ኖሮ ውሳኔው ቀላል ይሆን ነበር። ቁጥሩ መኖሩና ለሚያስፈልገው ሰው በሚገባው ቋንቋ መድረሱ ገና አልተገናኙም፤ በዚህ በኩል ዘርፉ ብዙ ይቀረዋል።

እሳቱ ከጠፋ በኋላ ቤት ውስጥ የሚቀረውስ? በዲሴምበር 30 ቀን 2021 ኮሎራዶ ውስጥ ቦልደር አካባቢ ማርሻል ፋየር የተባለው እሳት በአንድ ቀን ከ1,000 በላይ ቤቶችን በላ። ያልነደዱ ቤቶች ባለቤቶች ተመልሰው ሲገቡ ራስ ምታት፣ የዓይን ማሳከክና እንግዳ ሽታ ገጠማቸው። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ቡድኖች ከተማሪዎቻቸው ጋር በቀናት ውስጥ መሣሪያ አስገብተው ለሳምንታት ለኩ፤ ኮሊን ሪድ አሁን በዚያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆነው የነዋሪዎቹን የጤና ምልክት ተከታትለዋል። በቀጣዩ ዓመት ሜሪላንድ ጌይዘርስበርግ፣ ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩበት ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ ሳይርቅ፣ ለሙከራ በተሠራ ቤት ውስጥ ተመራማሪዎች ሆን ብለው የእንጨት ጭስ ለቀቁበት። ግድግዳው፣ ምንጣፉ፣ ዕቃው ጭሱን ጠጥቶ ቀስ በቀስ ወደ አየር ይመልሰዋል፤ ጭስ ቤት የዋለ ጋቢ ለቀናት እንደሚሸተው ማለት ነው። አየር ማጣሪያው ሲበራ የሽታው ጋዝ ይቀንሳል፤ ሲጠፋ ይመለሳል። ይበልጥ የሠራው መጥረግ፣ መወልወልና አቧራ ማንሣት ነበር። እናቶቻችን ያለ ላቦራቶሪ የሚያደርጉት ነው፤ ሆኖም አሁን ለኢንሹራንስ ኩባንያ ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ ይችላል።

ወደ ሰውነት ስንመለስ ትልቁ ክርክር የጫካ ጭስ ብናኝ ከመኪናው ብናኝ ይከፋል ወይ የሚለው ነው። ሮዛና አጊሌራና ባልደረቦቻቸው በ2021 በደቡብ ካሊፎርኒያ የሆስፒታል መዝገብ ላይ ባደረጉት ጥናት በ10 ማይክሮግራም የጭስ ብናኝ ጭማሪ የመተንፈሻ ሕመምተኛ ከ1.3 እስከ 10 በመቶ ይጨምራል፤ ለሌላው ብናኝ ጭማሪው ከ0.67 እስከ 1.3 በመቶ ነው። ብዙ ጋዜጣ "አሥር እጥፍ" ብሎ ጻፈ። እኔ ይህን አባባል በጥንቃቄ መያዝ ይሻላል ባይ ነኝ፤ አሥር የግምቱ ላይኛው ጫፍ ነው፤ አንድ አካባቢ ነው፤ ጭስ ባለበት ቀን ሙቀቱም ነፋሱም ጭንቀቱም አብሮ ይመጣል። ሆኖም አቅጣጫው ግልጽ ነው፤ የጭሱን ብናኝ ከሌላው እኩል አድርጎ የሚቆጥር ሕግ ሰውን በበቂ አይጠብቅም።

ከሁሉ ያስገረመኝ የዴቪሱ ነው። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የዝንጀሮ ምርምር ማዕከል ሬሰስ የሚባሉ ጦጣዎች ደጅ ይኖራሉ። በ2008 ያ የሰሜን ካሊፎርኒያ ጭስ ሲመጣ በዚያ ጸደይ የተወለዱት ግልገሎች ሙሉ ጭሱን ተነፈሱ፤ በአጠገባቸው የአየር መለኪያ ነበር። ሊሳ ሚለርና ባልደረቦቻቸው እነዚህን ከዓመት በኋላ ከተወለዱት ጋር አነጻጸሩ። ጉርምስና ላይ ሲደርሱ ጭሱን የተነፈሱት ሳንባቸው አነስ ያለና ጠንከር ያለ፣ የመከላከያ ሴሎቻቸው ምላሽ የደከመ ሆኖ ተገኘ። ማንም ያላሰበው ሙከራ ነው፤ ሰው ላይ ሊደረግም አይችልም። ሰው ላይ ያለው ማስረጃ በመዝገብ የሚመጣ ነው። በካሊፎርኒያ ከ2007 እስከ 2012 ያለ ጊዜያቸው ከተወለዱ ሕፃናት 7,000 ገደማ የሚሆኑት ከጭስ ጋር ተያይዘዋል። በ2024 ከአንድ ሚሊዮን በላይ የደቡብ ካሊፎርኒያ ነዋሪዎችን የተከታተለ ጥናት የሦስት ዓመት አማካይ የጭስ ብናኝ በ1 ማይክሮግራም ሲጨምር በመርሳት በሽታ የመያዝ ዕድል በ18 በመቶ ከፍ እንደሚል አገኘ። የድንገተኛ ክፍል መዝገብ ደግሞ ያልተጠበቀ ነገር ያሳያል፤ ጭሱ በጣም ሲከብድ ጠቅላላው የሕመምተኛ ቁጥር መውረድ ይጀምራል፤ ሰው ቤቱ ስለሚቀር፣ የመኪና አደጋና የስፖርት ጉዳት ስለሚቀንስ። ይህን ያላየ ተማሪ ከባዱን ጭስ ቀላል ነው ብሎ ሊደመድም ይችላል።

የተማሪው ኑሮ ራሱ የጥናቱ አካል ነው። ሰው ላይ የሚደረግ ጥናት የሥነ ምግባር ፈቃድ ይፈልጋል፤ ፈቃዱ ወራት ይወስዳል። ብልህ አማካሪ ያለው ተማሪ ፈቃዱን እሳት ሳይነሣ ቀድሞ ያወጣል፤ ከዚያ ይጠብቃል፤ አንዳንድ ዓመት እሳቱ አይመጣም። የመጣ እንደሆነ ቤቱ የነደደበት ሰው ዘንድ መጠይቅ ይዞ መሄድ አለበት። እንዲህ ያለውን ሥራ ለሚሠሩ ወጣቶች የሚከፈለው ገንዘብ በአብዛኛው ከመንግሥት ይመጣ ነበር። በ2025 የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ የምርምር ክፍሉን ለመዝጋት መወሰኑን አስታወቀ፤ ለዩኒቨርሲቲዎች ይሰጥ ከነበረው ድጋፍም ብዙው ተቋረጠ። የጭስ ጥናት ያለ ተከታታይ ዓመታት ዋጋ የለውም። የተቋረጠ የመለኪያ መስመር በኋላ በገንዘብ አይሞላም። ይህን በምሬት እጽፈዋለሁ።

ይህ ሁሉ እውቀት የተሠራው ጭሱ ብዙ ከሆነበት ቦታ ርቆ ነው። በዓለም በየዓመቱ ከሚቃጠለው መሬት ሁለት ሦስተኛ የሚሆነው አፍሪካ ውስጥ ነው፤ በአብዛኛው የሣር ምድር። በ2021 የታተመ ጥናት እንዳሳየው ጥርት ያለ የሳተላይት ምስል ሲታይ በ2016 አፍሪካ ውስጥ የነደደው ቀድሞ ከተቆጠረው በ80 በመቶ ይበልጣል፤ የድሮው ሳተላይት ትንንሹን የገበሬ እሳት አያይም ነበር። በ2024 ላንሴት ላይ የወጣ ስሌት ከሜዳና ከጫካ እሳት በሚመጣ የአየር ብክለት በዓመት 1.53 ሚሊዮን ሰው እንደሚሞት ገመተ፤ 40 በመቶ ያህሉ ከሰሐራ በታች ነው። ቁጥሩ ያስደነግጣል፤ ነገር ግን በምን ተሠራ ብለን መጠየቅ አለብን። በአፍሪካ መሬት ላይ ያለው መለኪያ ጥቂት ስለሆነ ጭሱ ከሳተላይትና ከሞዴል ተገመተ፤ ብናኙ በሰውነት ላይ የሚያደርሰውም መለኪያና የሞት መዝገብ በሞላባቸው አገሮች ከተገኘ ዝምድና በብዛት ተወሰደ። የጋምቤላ ወይም የአሶሳ ሕፃን ሳንባ በዚህ ስሌት ውስጥ በሌላ ሰው ሳንባ ተተክቶ ነው የገባው።

በኢትዮጵያ እሳቱን ራሱን ያጠኑ አሉ። ማሪያ ዮሐንሰን በስቶክሆልም ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬታቸው ባሌ ተራራ ላይ ከብት ጠባቂዎች አስታ የተባለውን ቁጥቋጦ እንዴትና መቼ እንደሚያቃጥሉ ተከታትለዋል። እረኞቹ በደረቁ ወቅት መጨረሻ፣ ዝናብ ሳይመጣ፣ ያረጀውን ይለኩሳሉ፤ ገና ያላደገው አስታ ስለማይነድ እሳቱን ራሱ ያቆመዋል። ማቃጠል በሕግ ቢከለከልም እረኞቹ ስለ እሳት ጥልቅ እውቀት እንዳላቸው ጥናቱ አሳይቷል። በ2000 በባሌና በቦረና፣ በ2019 በሰሜን ተራሮች የተነሡት እሳቶች ዜና ሆነዋል፤ ለሰሜኑ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ሠራተኞች፣ ከኬንያ ሄሊኮፕተር መጥቷል። ደኑ ተቆጠረ፣ የዋሊያው ነገር አሳሰበ። በእነዚያ ሳምንታት የደባርቅ ሰው የተነፈሰውን የቆጠረ አላየሁም። ከኅዳር ጀምሮ በምዕራብ ቆላ በየዓመቱ የሚነደው ሣር ደግሞ ዜናም አይሆንም።

በአዲስ አበባ መሠረት ተጥሏል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕብረተሰብ ጤና ትምህርት ቤት ተመራማሪው ወርቁ ተፈራና ባልደረቦቻቸው በጥቁር አንበሳ ግቢ ብናኝ በማጣሪያ ሰብስበው አማካዩ ከ50 ማይክሮግራም በላይ መሆኑን አሳይተዋል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከሚመክረው አሥር እጥፍ ማለት ነው። ቀዳሚው ምንጭ መኪና ሲሆን ማገዶና አቧራም ትልቅ ድርሻ አላቸው። ሥራው የተካሄደው የምሥራቅ አፍሪካን የአካባቢና የሥራ ጤና ምርምር ለማጠናከር በተቋቋመው ጂኦሄልዝ ማዕከል በኩል ነው፤ አሁን በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የባዮስታትስቲክስ ክፍል ኃላፊ የሆኑት ትውልደ ኢትዮጵያዊው ፕሮፌሰር ኪሮስ ብርሃነ ከመሪዎቹ አንዱ ናቸው። ከ2016 ጀምሮ የአሜሪካ ኤምባሲ ያሳይ የነበረው የሰዓት ንባብ ለብዙ ተማሪ መመረቂያ መረጃ ሆኖ አገልግሏል፤ በማርች 2025 የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ማሳየቱን አቆመ። በሌላ ሰው መለኪያ ላይ የተደገፈ ሳይንስ እንዲህ ባለ ቀን መሬት ይጠፋበታል። ካምፓላ የሚገኘው ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ ኤርኮ በተባለው ፕሮጀክት የራሱን መለኪያ ሠርቶ በከተሞች እየሰቀለ መሆኑ የተሻለውን መንገድ ያሳያል።

እዚህ ላይ ፕሮፌሰር ኪሮስ የተሳተፉበት አንድ የቆየ ጥናት ማንሣት እፈልጋለሁ። በኦክቶበር 2003 ደቡብ ካሊፎርኒያ ሲነድ የሕፃናትን ጤና ለዓመታት ሲከታተል የቆየው ቡድን በ16 ማኅበረሰቦች ያሉ ከ6,000 በላይ ልጆችን በመጠይቅ ያዘ። ከጥያቄዎቹ ዋነኛው ጭሱ ለስንት ቀን ሸተታችሁ የሚል ነበር። በ2006 የታተመው ውጤት ሽታው የቆየባቸው ልጆች ሳልና የዓይን ሕመም እንደበዛባቸው፣ ቤት መዋልና ጭምብል ማድረግ እንደረዳቸው አሳየ። መሣሪያ ላልነበረበት ቤት አፍንጫ መለኪያ ሆኖ አገለገለ።

ይህን ዓይነት ጥናት የጅማ፣ የጎንደር ወይም የአሶሳ የማስተርስ ተማሪ ዛሬ ሊጀምረው ይችላል። ሳተላይት የሚነደውን ቦታ በየቀኑ በነፃ ያሳያል። የሳል ሕመምተኛ በጤና ጣቢያ መዝገብ ላይ በቀን ተጽፎ ይገኛል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ስትዞር ሁለት ጥያቄ ልትጨምር ትችላለች፤ የውጭው ጭስ ለስንት ቀን ገባ፣ ምድጃው ያለው ከመኝታው ጋር ነው ወይስ ተለይቶ? ሁለተኛው ጥያቄ የግድ ነው፤ ማገዶ የሚያነድ ቤት ውስጥ የሰደዱ ጭስ የሚገባው ቀድሞ በጭስ በተሞላ አየር ላይ ነው። የካሊፎርኒያው ስሌት ይህን አያውቅም። ቢቻል ሁለት አነስተኛ መለኪያ፣ አንዱ ደጅ አንዱ ጓዳ፤ ወደ ቆላ ከመውረዳቸው በፊት አዲስ አበባ ካለ ትልቅ መለኪያ ጎን ለወር ቆመው የሚታረሙ፣ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚቆዩ። ሣሩ መንደድ የሚጀምረው ኅዳር ላይ ስለሆነ የሥነ ምግባር ፈቃዱ መስከረም ሳያልቅ መውጣት አለበት።